በካርታው ላይ የጻፍኩት ቃል

አምቦ፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ እስካሁን ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ነው የምታስተምሪው? የደብረ ብርሃን ብርድ በነሐሴ ቀልድ አያውቅምና የሰጠሁሽን ቡልኮ ከሳጥን አውጪው። ለእንግዳ ብለሽ አታስቀምጪው፤ እንግዳ የራሱን ለብሶ ይመጣል። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ እነሳለሁ፣ ከሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ። ጂቱም ደህና ናት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ከታች ያለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይቆም ነው። ልጅሽ አለች። አሁን እንኳ በወዲያኛው ክፍል ጮክ ብላ ስታጠና ይሰማኛል።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። ጂቱ "ለእማዬ በስልክ እንዳትነግራት" ብላ በመድኃኔ ዓለም አስምላኛለች። እኔ ደግሞ መሐላ አላፈርስም። ስለ ደብዳቤ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ የዛሬ ልጆች ደብዳቤ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስተዋል። በዚያ ላይ በስልክ ቢሆን መሃል ላይ ትጮኺብኛለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ነገሩ ሳያልቅ ኔትወርኩ ይሄዳል። በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ። ፊደሌን ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ። መሠረተ ትምህርት በኩራዝ የተማርኩት ለዚህ ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ይጻፍልኝ ብዬ የቤቴን ጉዳይ አደባባይ አላሰጣም።

ነገሩ የሚጀምረው በአውቶቡስ ጣራ ጭነሽ ከላክሽው ሳይክል ነው። ቅሬታዬን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ሳትጠይቂኝ ነው የላክሽው። "ባጃጅ ስትጠብቅ ትምህርቷ ያልፋታል" አልሽ። እሺ። ግን ልጅቷ የምትማረው አዋሮ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፣ ቤታችን ደግሞ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ ነው፣ ወንዙን የሚያሻግረው አስፋልቱ ነው። አንቺ የምታውቂው የድሮውን አስፋልት ነው። ዛሬ ከነቀምት የሚወርደው ከባድ መኪና፣ ከጊንጪ የሚመጣው አይሱዙ፣ በመሃላቸው እየተሽሎከለከለ የሚያልፈው ባጃጅ፣ ሁሉም የሚገናኙት ድልድዩ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ክላክሳቸው አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ጥርሴን ነክሼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እናትሽን መኪና የጣላት እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ መሆኑን ለአንቺ መንገር አያሻኝም።

ጂቱ ግን አያቷ በመኪና አደጋ እንደሞተች እንጂ የት እንደሆነ አታውቅም። አልነገርኳትም። እኔ ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስፋልት አትወጪም አልኳት። ሳቀችና "አባባ፣ መንገድ እኮ ከስልክ ይፈለጋል" አለችኝ።

ስልኳ ላይ አምቦን አሳየችኝ። ሰው የለበት፣ ጭቃ የለበት፣ ውሻ የለበት። አስፋልቱ ወፍራም ቢጫ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። የእኛ ሰፈር ግን ባዶ ነጭ ነው፤ ሰው የሰፈረበት አይመስልም። ወደ አዋሮ የሚያደርስ የሳይክል መንገድ አምጣ ስትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? በአስፋልቱ ሂጂ። ደግማ ጠየቀችው። በአስፋልቱ ሂጂ። ይህ ነገር ነፍስ የለውም፣ አይፈራም፣ የማይፈራ ነገር ደግሞ መንገድ መምራት የለበትም አልኳት። እሷም "እንግዲያው የምትፈራው አንተ ምራኛ" አለች። አፏ ያንቺው ነው።

ካርታውን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በትልልቅ ወረቀት አሳትማ መጣች። በፕላስተር አገጣጥማ ወለሉን ሙሉ ዘረጋችው። እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጠችና እርሳስ ሰጠችኝ። "አባባ፣ በየመንገዱ ያለውን ሁሉ ጻፍበት። እኔ ደህናውን በአረንጓዴ፣ ክፉውን በቀይ እቀባለሁ፤ ከዚያ በአረንጓዴው ብቻ እሄዳለሁ" አለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እናትሽ ካለፈች ወዲህ ምክር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የቄሱ አጥር ጋ ውሻ ብዬ ጻፍኩ። ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያዳልጣል ብዬ ጻፍኩ። ክዳኑን ሌባ የወሰደው የፍሳሽ ጉድጓድ ጋ ስደርስ ጉድጋድ ብዬ ጽፌ ኖሯል፤ ጂቱ ከት ብላ ሳቀችና በራሷ እስክሪብቶ አስተካከለችው። "አባባ፣ ፊደል ትበላለህ፣ ቁርስ አልሰጠሁህም እንዴ?" አለችኝ።

ተቆጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ፊደል ሰው ሲስቅብኝ ኖሯል፣ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ የልጅ ልጄ ትስቅብኝ? "ከእንግዲህ እኔ በጻፍኩት ላይ እጅሽን እንዳታሳርፊ። የጎደለ ካለ በልብሽ ሙዪው" አልኳት። ደነገጠች። ጉልበቴን ሳመችና እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም ብጽፍ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም።

ወንዙ ጋ ስደርስ መልካ ብዬ ጻፍኩ። ለአንቺ ማስረዳት የለብኝም። በበጋ ልብስ የምታጥቡበት፣ ከብት የሚሻገርበት፣ በክረምት በሬ የሚወስደው ያው መልካ ነው። ድልድይ የለውም፣ ውሃ ነው፣ እዚህ ላይ መንገዱ አለቀ ማለቴ ነበር። ጂቱ ካርታውን ቀባብታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ዓይኔ ከሩቅ ጽሕፈት አይለይም፤ አረንጓዴው በርክቶ ሳየው ግን አምሯል አልኩ።

ሰኞ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይክሏ ልትሄድ ወጣች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ አምቦ ላይ ጠብታ አልወደቀም። ክረምት አይታመንም ብዬ ቢጫ የዝናብ ልብሷን አስለበስኳት። "አስፋልት እንዳትወጪ" አልኳት። "አልወጣም አባባ፣ አንተ በጻፍከው ነው የምሄደው" አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ በር ላይ ቀረሁ።

ከዚያ ፀጉሬን ልቆረጥ ጅሩ ጋ ሄድኩ። ሳይክል ጠጋኙ ኦቦ ጅሩ፣ የእናትሽን ሬሳ ሳጥን ከፊት የያዘው፣ አትረሺውም። ፀጉር ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ስለሆነ፣ ጉልበቴም ያን ያህል ስለማያስኬደኝ፣ ከቆየ ጀምሮ የሚቆርጠኝ እሱ ነው። ጎማ እንደሚልጥ ነው የሚልጠኝ። ቤተ ክርስቲያኑንም ከደጄ ቆሜ ነው የምሳለመው፤ እድሩም ላይ ስሜን የሚያስጠራልኝ ጅሩ ነው። ሁሉም ከድልድዩ ማዶ ነው፣ ጉልበት የለኝም።

ጅሩ በግራ በኩል ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር መሳቅ ጀመረ። "አንተ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ዘንድሮ ደግሞ ድልድይ ሠራህ አሉ" አለኝ። ምን ማለትህ ነው አልኩት። "ልጅቷ ጎማ ልታስነፋ መጥታ ነበር። በየት ነው የምትሄጂው ብላት አባባ መልካም መንገድ ብሎ በጻፈው ነው አለችኝና ወደ መልካው ቁልቁል ወረደች። ሽማግሌው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለኝ።

መልካም መንገድ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ያቺ የጻፍኳት ቃል ከነእርሳሷ ፊቴ ላይ መጣች። ም የላትም። እኔ ም አልበላሁም፤ መልካ ማለት በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ጂቱ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ከኦሮምኛ የምታውቀው ሰላምታና ምስጋና፣ አካም እና ገለቶማ ብቻ ነው። አባባ ዛሬም ፊደል በላ ብላለች። እንዳትነኪ ስላልኳት አልጠየቀችኝም። እንዳዘዝኳት የጎደለውን በልቧ ሞልታ አረንጓዴ ቀብታዋለች።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ፣ ግማሽ ራሴ ተላጭቶ ግማሹ ጎፍሮ፣ በሰፈሩ መሃል ሮጥኩ። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም። ወንዙን ሳላየው ሰማሁት። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ከላይ በወንጪ በኩል ሲዘንብ ያድርና፣ እኛ ጋ ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ ሁሉቃ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። እሱ ነው። እግሬ መሬት መንካቱ አይሰማኝም ነበር። ወደ አምላክ እንኳ ምን ብዬ እንደምጮህ ጠፋኝ፤ ም፣ ም፣ ም እያልኩ ነው የሮጥኩት።

ስደርስ ውሃው አተላ መስሎ ዳርና ዳሩን አልፏል። የሳይክሏ የጎማ መስመር ጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል። የሚመለስ መስመር የለም።

ቀና ስል በወዲያኛው ዳር፣ ከታች በኩል፣ ሰዎች ጎንበስ ብለው ክብ ሠርተው ቆመዋል። ያንን ክብ አውቀዋለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚቆመው። በእግራቸው መሃል ቢጫ ነገር መሬት ላይ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። ጂቱ ብዬ ጮህኩ፣ ውሃው ድምፄን በላው። እጄን አወናጨፍኩ፣ ቀና ብሎ የሚያየኝ ጠፋ። ልገባ ስል ጅሩ ከኋላዬ ደርሶ በፎጣው አንገቴን ያዘኝ። "አንተ ደግሞ ልትጨመር ነው? በድልድዩ እንዙር" ብሎ እጄን ይዞ ጎተተኝ።

ሮጠን ድልድዩ ጋ ደረስን። መኪናው እንደ ወትሮው ነው፣ የእኔ መከራ አላቆመውም። እዚያ ላይ ጉልበቴ ያዘኝ። ጅሩ መሃል ደርሶ ዞር አለና "ና እንጂ አንተ ሰው፣ ልጅቷ እኮ ናት" አለኝ። ጉልበቴን አልኩት። አየኝ፣ ከዚያ ብቻውን ሮጠ። እኔ የድልድዩን ብረት ይዤ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አልነግርሽም፤ አላውቀውምም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብረቱ ይንቀጠቀጣል። ምን ብዬ እንደምደውልልሽ ቃል ፈለግሁ። ልጅሽ ብዬ ልጀምርና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አጣሁት። አላፊ አግዳሚው ግማሽ ራሱን የተላጨ ሽማግሌ ብረት ይዞ ቆሞ ሲያይ እብድ ነው ብሎ ሳያዝንልኝ አልቀረም።

በመጨረሻ ጅሩ በድልድዩ ላይ ሲመለስ አየሁት። ቢጫው ነገር ጀርባው ላይ ነው። ራሷ ትከሻው ላይ ተደፍቷል። ጅሩ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ መኪናው ድምፁን ውጦታል። ሲቀርብ ነው የሰማሁት፤ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ፣ አለች" ይላል። ከዚያ እሷ ራሷን ቀና አድርጋ "አባባ፣ ፀጉርህ ምን ሆነ?" አለችኝ። አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ።

ያዳነቻት ቢፍቱ የምትባል ሴት ናት፣ በማዶ ሣር አጭዳ በአህያ የምትጭን። ጂቱ ሳይክሏን እየገፋች ውሃው ውስጥ ስትገባ ከወዲያ አይታ "ዱበቲ ዴቢኢ" ብላ ጮኸችባት። ወደ ኋላ ተመለሺ ማለቷ ነው። ልጅሽ ግን ሰላምታ መሰላት። እጇን አነሳችና "አካም" አለቻት። ውሃው እግሯን የመታት እጇ እንደተነሳ ነው። ሳይክሉ በማዶ ዳር ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ገብቶ ተሰነቀረ፣ እሷም እሱን አንቃ ያዘች። ቢፍቱ የጭነቱን ገመድ ከአህያዋ ላይ ፈታ ወረወረችላት፤ አላፊዎች ደርሰው ጎተቷት። ግራ እጇ ወልቆ ነበር፣ ጤና ጣቢያ ወስደናት መለሱላት። ሌላ የሆነችው የለም። ለብርዱ ቅቤ ቀባኋት።

ውሃው ሲጎድል ቢፍቱ ሳይክሉን በአህያዋ ጭና አመጣችልን። አመስግኜ ሳልጨርስ "ኦቦ፣ እኔ ተመለሺ ስላት እንደምን አደርሽ ትለኛለች። ለዚህች ልጅ ከመንገዱ በፊት ቋንቋውን አስተምሯት" ብላ ሙልጭ አድርጋ ሰደበችኝ። ልክ ናት። እኔ በቤቴ ኦሮምኛም አማርኛም እናገራለሁ፤ ለልጅ ልጄ ግን ግማሹን ቋንቋ ብቻ ሰጥቼ ከተማው ውስጥ ለቅቄያታለሁ።

ጂቱ እጇ ሲሻላት ሳይክሉን እሸጠዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። አልተከራከረችኝም። ካርታውን ከግድግዳው አንሥታ ወለሉ ላይ ዘረጋች። አረንጓዴውን በቀይ ደፈነችው። ከዚያ "አባባ፣ ካንተ ጽሕፈት አጠገብ ልጻፍ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጻፊ አልኳት። መልካ ካለው ጎን ውሃ ብላ ጻፈች።

ቀጥላ "በክረምት ወደ አዋሮ የሚያሻግረኝ ድልድዩ ብቻ ነው" አለች። "በጓሮ በጓሮ ሄጄ ድልድዩ ጋ ብቻ አስፋልት እወጣለሁ። ከሳይክሉ ወርጄ፣ በእግረኛው ዳር እየገፋሁ አልፈዋለሁ። ግን መጀመሪያ አንተ መጥተህ እየውና ጻፍልኝ።" ጉልበቴን አልኳት። "አባባ፣ ጉልበትህ እስከ መልካው ሮጧል። ከመልካው እስከ ድልድዩ ሮጧል። የሚያመው ድልድዩ ላይ ብቻ ነው?" አለችኝ። ልታሾፍብኝ አይደለም። ቀዩን እርሳስ ሰጠችኝ። ድልድዩ አፍ ላይ ቀይ ቀባሁ። "ምክንያቱን ጻፍበት፤ ውሻ እንዳልከው፣ ጉድጓድ እንዳልከው" አለች። አልጻፍኩም። ቦታውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የእናትሽ ፎቶ ወዳለበት ግድግዳ ዞራ አየች።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት እስከ ድልድዩ ብረት እሸኛታለሁ። እየገፋች ታልፋለች። ከባድ መኪና ሲመጣ እሷን ከልሎ እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ መኪናው ሲያልፍ ቢጫው ልብሷ አለ ወይስ የለም ብዬ ነው የማየው። ማዶ ስትደርስ ደወሏን ታንቃጭላለች። ከዚያ እመለሳለሁ። ጅሩ ትራፊክ ፖሊሱ መጣ እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ፍርሃቱ እንደሆነ አልለቀቀኝም፤ ወደፊትም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ፈርቼ እንኳ ብረቱ ድረስ መሄድ ግን ተምሬያለሁ።

ልጄ፣ አሁን ፍርዱ ያንቺ ነው። ዶርም ትግባ ብትዪ፣ ወደዚያው ትመለስ ብትዪ፣ እናት ነሽና መብትሽ ነው። ወደዚህ የላክሻት እኔ እንድጠብቃት ነው ብለሽኝ ነበር። ማን ማንን እንዲጠብቅ እንደላክሻት ከገባኝ ቆይቷል፣ ዝም ያልኩሽ ደስ ብሎኝ ነው። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ዛሬም አልለምንም። አትውሰጃት ብቻ።

እስከ ዛሬ የላክሁልሽ ሁሉ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነበር። ይህን ግን ለረዳቱም፣ ለጅሩም፣ ለጂቱም አልሰጥም፤ ራሴ ነኝ የማደርሰው። ፖስታ ቤቱ ያው ከድልድዩ ማዶ ነው፣ ቦታውን አልቀየረም። ደብዳቤው እጅሽ ከገባ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

የእናትሽ አምላክ በምትረግጪው ሁሉ ይቅደምሽ። ከውሃ ሙላትና ከመኪና ፊት ይሰውርሽ። ተመለሺ ብሎ የሚጮህልሽ ሰው አያሳጣሽ፤ ሲጮህም ቋንቋው ይግባሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ቡልኮውን ልበሺ።

አባትሽ